ጎርፍ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ፦ ምን ይያዛል? የት ይኬዳል?

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ውሃ ቤቴ ገባ፤ ቀበሌ ሄጄ ተናገርኩ፤ ስሜን መዝግበውኛል፤ እስካሁን ግን የመጣ ሰው የለም። ምን ላድርግ?» እዚሁ ጎንደር ውስጥ አንዱ ከአዘዞ ይጠይቃል፣ አንዷ ከቀሃ ዳር፣ ሌላው ከአንገረብ በኩል። ለእያንዳንዱ በስልክ ስመልስ አንዱን ነግሬ ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ አስቀመጥኩት።

እኔም የደረሰብኝ ነው። ውሃው ሌሊት ገባ። ሲነጋ ጎረቤት ተሰብስቦ ጭቃውን ዛቅን፣ የራሰውን ፍራሽ ጣልን፣ ወለሉን አጠብን፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቱ ጸዳ። ጉዳቱን የሚያዩት ሰዎች የመጡት በ9ኛው ቀን ነው። ያዩት የደረቀ ወለልና ከታች የጠቆረ ግድግዳ ብቻ ነበር። «መጠነኛ ጉዳት» ብለው ጻፉ። ያችን ቃል ለማስቀየር ወራት ፈጀብኝ። በዚያን ቀን ጠዋት ፎቶ አንስቼ ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ የተማርኩት ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩት፤ ምክንያቱን በየቦታው ጽፌዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቻርጅ ያለው ስልክ (መብራት ስለሚጠፋ ፓወር ባንክ ካለ ጥሩ ነው)
- ሜትር፣ ከሌለ ልኩ የሚታወቅ ዘንግ
- ከሰል ወይም ጠመኔ
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ
- ክላሰርና ወፍራም ፌስታል
- የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቢል፤ የሁሉም ኮፒ በ4 በ4
- ቦቲ ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት፣ አካፋ፣ ባልዲ
- ሳሙናና በረኪና

ካርታው የጠፋበት ወይም ገና ያልወጣለት ሰው ይህን ሲያነብ እንዳይደነግጥ። የመብራት ቢል፣ የግብር ደረሰኝና የጎረቤት ምስክር እዚያ ቤት ውስጥ እንደምትኖሩ ያሳያሉ። ለብርድ ልብስና ለምግብ የሚጠየቀው የተጎዳ ሰው መሆናችሁ ነው። ካርታው በጥብቅ የሚያስፈልገው የፈረሰውን መልሳችሁ ለመሥራት ስትነሡ ነው።

1. ከመግባታችሁ በፊት ቤቱን ከውጭ እዩት

በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ። ጭቃው ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከሥሩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ውሃው ከሄደ በኋላ ይናዳል። ብዙ ሰው «ውሃው ሄዷል እኮ» ብሎ የሚገባው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ምሰሶው ዘንበል ብሎ እንደሆነ፣ ግድግዳው ሆዱ ገፍቶ እንደሆነ፣ በሩ ትናንት ይዘጋ የነበረው ዛሬ አልገጥም ካለ፣ አትግቡ። ፎቶ ከበር ላይ ሆናችሁም ይነሣል።

⚠ መብራት፦ ውሃው ሶኬት ከነካ ብሬከሩን አጥፉ። ግን ቆጣሪው ያለበት ቦታ እርጥብ ከሆነ፣ ወይም እዚያ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለባችሁ፣ አትንኩት። 905 ደውሉና የመብራት ኃይል ሰዎች ከውጭ እንዲያቋርጡት ንገሩ።

⚠ ሽንት ቤት፦ የጉድጓድ ሽንት ቤት ዙሪያው በውሃ ከለሰለሰ አፉ ሊደረመስ ይችላል። ልጆች እንዳይጠጉት በገመድ ከልሉት።

2. ምንም ሳታነሡ ፎቶ አንሡ

ዋናው ይሄ ነው። ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ጎረቤት አካፋ ይዞ ሲመጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ጠብቁኝ» ማለት ይከብዳል፤ ገብቶኛል፤ ግን በሉት።

መጀመሪያ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር በከሰል አስምሩ። ሜትሩን ከወለል ጀምራችሁ አቁሙና ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሡ። ይህ ለምን አስፈለገ? የሚገምተው ሰው ሲመጣ ግድግዳው ደርቆ መስመሩ ይጠፋል፤ «ውሃው እስከ ጉልበት ነበር» ብትሉት የማን ጉልበት እንደሆነ አያውቅም። 70 ሳንቲ ሜትር ካላችሁትና ፎቶው ካሳየ ግን ክርክር የለም።

ከዚያ በዚህ መንገድ ሂዱ፦
- ከውጭ፦ የቤቱ ፊት ከነቤት ቁጥሩ፣ ውሃው የገባበት አቅጣጫ፣ የተዘጋ ቦይ ወይም የፈረሰ አጥር ካለ እሱም
- ክፍል በክፍል፦ በር ላይ ቆማችሁ ሙሉውን፣ ቀጥሎ አራቱንም ማዕዘን
- ዕቃ በዕቃ፦ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድ፣ አልጋ፣ የእህል ከረጢት። ኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ከጀርባው ያለውን የሞዴልና የሲሪያል ቁጥር አንሡ
- አንድ ቪዲዮ፦ ሳይቋረጥ፣ ከበር እስከ ጓሮ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየተናገራችሁ

ስትጨርሱ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ላኩት። ስትልኩ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሣበት ቀንም ከውስጡ ይጠፋል። ስልኩ በኋላ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅም ማስረጃው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጧል።

3. የጠፋውን በደብተር ጻፉ

ዕቃው፣ ብዛቱ፣ መቼ እንደተገዛ፣ በስንት፣ አሁን ይጠገናል ወይስ አይጠገንም። እህሉን አትርሱት። ጤፉም ሆነ በርበሬው በኪሎ ይጻፍ። ብዙ እናቶች «እሱማ ምን ይጻፋል» ብለው ይተዉታል፤ ግን የዓመት ቀለብ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ሊበልጥ ይችላል።

ዋጋ አታጋንኑ። አንድ የተጋነነ ዋጋ ከተገኘ እውነተኞቹን ሃያዎቹንም ይጠረጥሯቸዋል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ 3 ጎረቤቶች ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙ። ሦስቱም ከአንድ ቤት ባይሆኑ ይመረጣል።

4. ውሃ ያራሳቸውን ወረቀቶች አድኑ

ካርታው ወይም የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ከራሰ በግድ አትላቅቁት። ፀሐይ ላይም አታስጡት፣ ካውያም አትተኩሱት፤ ማኅተሙ ይለቅቃል፣ ወረቀቱም ይሰነጠቃል። ንጹሕ ወረቀት ወይም የጥጥ ጨርቅ መሐል አስገብታችሁ ጥላ ሥር አኑሩትና በየጥቂት ሰዓቱ የራሰውን ጨርቅ ቀይሩ። ከመድረቁ በፊት ግን ፎቶውን አንሡ፤ የካርታው ቁጥር ከተነበበ ማዘጋጃ ቤት ምትክ ስትጠይቁ ፋይላችሁን ማግኘት ይቀላል።

5. በዚያው ቀን ቀበሌ ሂዱ፣ ግን በወረቀት

አሁን ብዙ ሰው የሚሸነፍበት ቦታ ላይ ደረስን። ቀበሌ ሄዶ በቃል መናገርና ስም ማስመዝገብ ማመልከት ማለት አይደለም። ስማችሁ የተጻፈበት ወረቀት የማን ጠረጴዛ ላይ እንደቀረ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ማመልከቻ ግን ገቢ ቁጥር አለው፣ ፋይል አለው፣ የተመራለት ሰው አለው። «የእኔ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብላችሁ መጠየቅ የምትችሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉ፦

ቀን፦ ……
ለ…… ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤቴ ላይ የደረሰው የጎርፍ ጉዳት ታይቶ እንዲመዘገብልኝና እርዳታ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች …… በቀበሌው የቤት ቁጥር …… ነዋሪ ስሆን፣ ሐምሌ …… ቀን ከሌሊቱ …… ሰዓት ገደማ በጣለው ዝናብ ምክንያት …… ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጎርፍ ቤቴ ገብቶ ጉዳት አድርሷል። የቤተሰቤ ብዛት …… ሲሆን ከነዚህ ውስጥ …… ሕፃናት፣ …… አረጋውያን፣ …… ሕሙማን ናቸው። አሁን ያረፍነው …… ነው። የጉዳቱን ዝርዝር በ…… ገጽ፣ ፎቶዎችን በ…… ገጽ አያይዣለሁ። ስለዚህ 1ኛ/ ባለሙያ ተልኮ ጉዳቱ እንዲገመትልኝ፣ 2ኛ/ አስቸኳይ እርዳታ እንዲሰጠኝ፣ 3ኛ/ የግምቱ ግልባጭ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ግልባጭ፦ ለ…… ክፍለ ከተማ አስተዳደር፣ ለከተማው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት

በ4 ኮፒ አዘጋጁት። አንዱን ለቀበሌው፣ ሁለቱን ግልባጭ ለተደረገላቸው፣ አራተኛውን ለራሳችሁ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ፤ ሦስቱም ቦታ ስትሄዱ መዝገብ ቤት የእናንተ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። «ችግር የለውም፣ ደርሶናል» ቢሏችሁም ቆሙ። በትሕትና፣ ግን ቆሙ። «ጋሼ፣ ለራሴ ማስታወሻ ነው፣ ቁጥሯን ብቻ ጻፉልኝ» ማለት ይበቃል።

ቤተሰቡ ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ። እርዳታ ሲከፋፈል ቅድሚያ የሚሰጠው በዚህ ነው። ሰው ግን አፍሮ መጨረሻ ላይ ይጽፈዋል፣ ወይም ጭራሽ አይጽፈውም።

6. ወረቀቱ እስኪንቀሳቀስ፦ እድርና ቀይ መስቀል

የእድሩን ዳኛ በዚያው ቀን ንገሩት። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰው አለው። ለለቅሶ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። የራሰ ግድግዳን በሸራ ለመሸፈንና ጭቃ ለማውጣት ደቦ የሚጠራላችሁም እሱ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተማው ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። ሲሄዱ ማኅተም ያረፈበትን የማመልከቻ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርዳታ በብዛት የሚሰጠው ቀበሌና ክፍለ ከተማ ባጣሩት ዝርዝር መሠረት ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ መግባታችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የተጎዳ ሰው ካለ የአምቡላንሳቸው ቁጥር 907 ነው።

7. አሁን ጽዱ

ፎቶው ካለቀ፣ ማመልከቻው ከገባ፣ ገማቹን አትጠብቁ። እርጥብ ቤት ውስጥ ሻጋታ በአንድ ሁለት ቀን ይጀምራል፤ ልጆች ይታመማሉ። የጎርፍ ውሃ የሽንት ቤት ውሃ ነው ብላችሁ አስቡት፦ ቦቲና ጓንት አድርጉ።

መጀመሪያ ጭቃውን በአካፋ፣ ቀጥሎ በሳሙናና በውሃ፣ በመጨረሻ በበረኪና። በረኪና ጭቃ ላይ ቢፈስ አይሠራም፤ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርሰዋል። ለወለልና ለጠንካራ ዕቃ 1 ኩባያ በረኪና በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የመጠጥ ውሃ፦ የግቢ ጉድጓድ ወይም ታንከር ጎርፍ ከገባበት አትጠጡት። የቧንቧውንም ቢሆን ለጊዜው አፍሉት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ ቶሎ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁ።

ከምትጥሉት ዕቃ ናሙና አስቀሩ፦ የፍራሹን ቁራጭ፣ የተበላሸውን ሞተር፣ የእህሉን ከረጢት። ለገማች ይታያል።

⚠ የጭቃውን ግድግዳ ቶሎ አትለስኑት። በተለይ ሲሚንቶ። እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ልስኑም ዞሮ ይረግፋል። በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ የረገፈውን ልጣችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። በክረምት ሳምንታት ይፈጃል፤ መስከረም ድረስ ሸራ ይዞ መቆየት ይሻላል።

8. ገማቾቹ ሲመጡ

ቤት ውስጥ ሁኑ፣ ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ይኑር። «መጥተን አጣናቸው» ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ አይቻለሁ።

ፎቶውን አትርሱ፤ በስልክ ብቻ አታሳዩ፤ አሳትማችሁ ስጡ። መስመሩን፣ ስንጥቁን፣ የተናደውን በሜትር እያሳያችሁ አብራችሁ ዙሩ። መሠረቱንም አሳዩ፤ ገማች ቸኩሎ ግድግዳውን አይቶ ይሄዳል፣ መሠረቱ ሥር ግን ውሃው አፈሩን ጠርጎ ባዶ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮና ለእንጨት ከ3 ሱቅ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ካመጣችሁ ግምቱ የአሁኑን የገበያ ዋጋ ይይዛል። ካላመጣችሁ የድሮ ዋጋ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

ፈርሙ ሲሏችሁ አንብቡ። የተጻፈው ካላስማማችሁ አትፈርሙ ማለቴ አይደለም፤ ከፊርማችሁ በላይ «መገኘቴን ብቻ ነው የፈረምኩት፤ በግምቱ አልተስማማሁም» ብላችሁ ጻፉ። የእኔን «መጠነኛ» እንዲህ ሳልጽፍበት ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቦታ ሁሉ ያሳዩኝ የነበረው የራሴን ፊርማ ነው።

9. ኢንሹራንስ ካላችሁ

«የለኝም» ከማለታችሁ በፊት አረጋግጡ። ቤቱ የባንክ ብድር ካለበት ባንኩ ራሱ ቤቱን መድን ያስገባው ሊሆን ይችላል፤ ውሉም ባንኩ ጋ ነው የሚቀመጠው። ውሉ «እሳት» ቢልም ጎርፍ በተጨማሪነት ገብቶበት እንደሆነ ኮፒውን ጠይቃችሁ አንብቡ።

የንግድ ሕጉ አደጋው መድረሱን ካወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንድታሳውቁ ይላል። በስልክ ንገሩ፣ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ደግሙት፣ ገቢ አስደርጉ። የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ «እያየነው ነው» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ ቀኑን ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

10. ውሃውን ያመጣው ሰው ከሆነ

አንዳንዴ ጎርፉ የዝናብ ብቻ አይደለም። ለመንገድ ሥራ የተቆለለ አፈር ቦይ ዘግቶ፣ ጎረቤት አጥሩን መፍሰሻው ላይ ሠርቶ፣ የተጀመረ ግንባታ ውሃውን ወደ እናንተ አዙሮት ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ተዳፋት ናት፤ የላይኛው ሰፈር ውሃ ወደ ቀሃ፣ ወደ አንገረብና ወደ ሽንታ ይወርዳል፣ ከዚያ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል። መሐል መንገዱ ላይ አንድ ነገር ከዘጋው ቤት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልፈው።

እንዲህ ከሆነ የዘጋውን ነገር በዚያው ቀን ፎቶ አንሡት፣ በማግሥቱ ይጠረጋልና። ለቀበሌው በተለየ ወረቀት አመልክቱ፤ ከእርዳታው ማመልከቻ ጋር አትቀላቅሉት፤ አንዱ እርዳታ ነው፣ ሌላው ካሳ፣ የሚያዩትም ሰዎች ይለያያሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከጎረቤት ጋር ከሆነ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ። ቦዩን ዛሬ የሚያስከፍተው ሽማግሌ ነው፤ ፍርድ ቤት ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ክረምት ሊገባ ይችላል።

11. መልስ ሲዘገይ

በ10 ቀን ውስጥ ማንም ካልመጣ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። አጭር ይሁን፦ «በቀን …… በገቢ ቁጥር …… ያመለከትኩት ምላሽ ስላላገኘ» ብላችሁ ጀምሩ። ግልባጩ አንድ ደረጃ ከፍ ይበል፤ ለክፍለ ከተማው የነበረው አሁን ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት።

በሄዳችሁ ቁጥር ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰው የሥራ ድርሻና የተባላችሁትን ጻፉ። «ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁም ይጻፍ። ስድስት ጊዜ መመላለሳችሁን ቀን በቀን ስታሳዩ የሚቀጥለው ኃላፊ በሌላ ዓይን ያያችኋል።

የግምቱን ወረቀት ከከለከሏችሁ የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ጥቀሱ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃ በጽሑፍ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ በኋላ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ እዚያም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። ማኅተም ያለባቸው ኮፒዎች ከሌሉ ግን እነሱም የሚይዙት ነገር የላቸውም፤ ለዚህ ነው 5ኛው ላይ ያን ያህል የለመንኳችሁ።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- ኦሪጅናል ካርታን መስጠት። ኮፒ ስጡ፣ ኦሪጅናሉን አሳይታችሁ መልሱ።
- አስር ቤት ሆኖ በአንድ ማመልከቻ መጠየቅ። የጋራ ደብዳቤ ቦይ ለማስከፈት ጥሩ ነው፤ ለቤታችሁ ጉዳት ግን እያንዳንዱ የራሱን ያስገባ፤ አለዚያ የአንዱ መልስ ለአስሩ ይሆናል።
- ለደላላ መክፈል። «ስምህን አስገባልሃለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ለእርዳታ ምዝገባ ክፍያ የለም።
- የፈረሰውን ያለ ፈቃድ መሥራት። የእድሳት ፈቃድ ሳትይዙ ግድግዳ ብታቆሙ፣ በተለይ ወንዝ ዳር ከሆናችሁ፣ አፍርሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ጠያቂ የነበረው ሰው ተጠያቂ ይሆናል።
- ብርድ ልብስና ዱቄት ሲሰጥ ጉዳዩ አለቀ ብሎ መቅረት። የፈረማችሁበት ወረቀት የተቀበላችሁትን ዕቃ ብቻ እንደሚል አንብቡ። የቤቱ ግምት ሌላ ፋይል ነው፣ አሁንም ክፍት ነው።

እስካሁን በቃል ብቻ ያስመዘገባችሁ ሰዎች ደግሞ አሁንም አልረፈደም። የፎቶ ማስረጃ ከሌላችሁ የዚያን ቀን ጎረቤት ያነሣው ቪዲዮ ይኖራል፤ ሰፈሩን ጠይቁ። የእኔም ጉዳይ የተፈታው ከአንድ የጎረቤት ልጅ ስልክ ውስጥ በተገኘች የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ነው፤ ከጀርባዋ የእኛ በር ይታያል፣ ውሃው መያዣው ድረስ ደርሷል።